የጋሼ ታደለ የስምንት ዓመት ዋስትና

ከአዲስ አበባ ቡሬ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ማለዳ ተሳፍረህ ማታ ትገባለህ። እኔ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም የሄድኩት ዋስትና ባለው መኪና ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ጎጃም እንዴት ነው?» ስለሚለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ተከራይቼ የሥራ ማስታወቂያ በማንበብ አሳለፍኩት። በመጨረሻ ቡሬ ያለ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ የአውቶ መካኒክ አሠልጣኝ አድርጎ መረጠኝ። የተለጠፈው ወረቀት ላይ ስሜ አንደኛ ነው፤ ከሥሬ «ተጠባባቂ ቁጥር አንድ» ይላል። አርብ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ በአካል ቀርቤ ካልፈረምኩ ቦታው የተጠባባቂው ነው። ልመናም ይግባኝም የለም። ወደ አራት ኪሎ መመለስ ደግሞ አልፈልግም ነበር። ጋዜጣ አከራዩ እንኳ «ዛሬም አልሆነልሽም?» ማለት ጀምሮ ነበር።

ረቡዕ

እናቴ ብቻሽን አትሄጂም አለች። ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ታደለ «እኔ ወስጄ በእጄ አስረክባታለሁ» ብሎ ማለላት። ጋሼ ታደለ ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካየ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። መኪናዋን የገዛት አምና መስከረም ነው፤ ያገለገለች ናት፣ እሱ ግን መቀመጫዋን በላስቲክ ሸፍኖ አዲስ አስመስሏታል። ከመኪናዋ አብልጦ የሚወደው ግን የዋስትና ወረቀቷን ነው። ላሚኔት አሠርቶታል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራዋል። «የስምንት ዓመት ዋስትና» ይላል፣ ከዚያ ሰው እስኪደነቅ ይጠብቃል።

ልንነሳ ስንል ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ለማያውቅ ልንገር፤ ሞተር ውስጥ ከላይ ቫልቮች አሉ፣ ከታች ፒስተኖች። ሁለቱ ተራ ጠብቀው እንዲሠሩና እንዳይጋጩ የሚያደርጋቸው አንድ የጎማ ቀበቶ ነው። መካኒኮች ታይሚንግ ቺንጋ ይሉታል። ጎማ ነውና ያረጃል። ሲያረጅ አይጮህም፣ አያጨስም፣ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይበጠሳል። ለዚህ ነው ጊዜው ሲደርስ ሳይበጠስ የሚቀየረው።

ቺንጋው ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። የሚቀየርበት ዓመት ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ነገረኝ። ወረቀቱን ልየው ስለው «ወረቀት ከምታገላብጪ ሻንጣሽን ጫኚ» አለኝ። አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት የሳሪስን ቀለበት መንገድ ሳይሻገር እዚያው ቀረ።

መንገዱን አላስረዝመውም። ላስቲኩ ከጀርባዬ ጋር ስለተጣበቀ በየእረፍቱ እንደ ፕላስተር እየተላጥኩ ነበር የምወርደው። የዓባይን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ ስንወርድ ዝንጀሮዎች ቀደሙን፤ አንዷ ዞራ አየችን። ደጀን ምሳ በላን። ሽሮው እሳት ነው። አዲስ አበባ በሽሮ ስም የሚሸጥልን ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ጋሼ ታደለ አስተናጋጇን ስለ ዋስትናው ነገራት። እሷም «እድሜ ይስጥዎት» ብላ ሽሮ ጨመረችለት።

ማታ ደብረ ማርቆስ አደርን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ውኃ መጥፋቱን ስትነግረኝ አፈረች፤ እኛ ሰፈር ውኃ ከጠፋ ባለቤቱ ነው የሚቆጣህ። ከራሷ ቤት ሁለት ጀሪካን አስመጣችልኝ፤ አንዱን አሙቃ። በውስጤ፣ እስካሁንስ ጥሩ ነው አልኩ።

ሐሙስ

ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። እኛ ዘንድ ኅዳር ሚካኤል ማለት የሰፈሩን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠልና ቀኑን ሙሉ ማሳል ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ግን ሰው ነጭ ለብሶ መንገዱን ሞልቶታል። ደምበጫን አለፍን፣ ፍኖተ ሰላምን አለፍን። ወደ ማንኩሳ አቅጣጫ ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ጋሼ ታደለ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ከወትሮው በላይ ቅልል ብሎ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ቺንጋው ነው። እንዳትነካው። ደግመህ ካዞርከው ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ።»

«ባትሪ ነው» አለ ጋሼ ታደለ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ ከበበን። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ ሰው አጨዳ ላይ ነበር፤ በሚካኤል ግን ሥራ አይሠራም። መኪና መግፋት ከሥራ እንደማይቆጠር ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ጋሼ ታደለ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ተቀመጠ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ አትግፉ እያልኩ እጄን አወናጭፋለሁ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው በጣም በትሕትና ክንዴን ይዘው ከመንገዱ አወጡኝና፣ «እቴ፣ እንዳትጎጂ ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሃያ የሚሆን ሰው ገፋ። ከውስጥ ክርችም የሚል ድምፅ ተሰማ። ደገሙት። ሦስተኛ ገፉ። በሦስተኛው መኪናዋ ከነአካቴው እንቢ አለችና ሁሉም በደስታ ላቡን ጠረገ። የምር ደስ ብሏቸው ነበር።

ክንዴን የያዙት ሰው አያ አንለይ ይባላሉ። ቤታቸው ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። መኪናዋን በበሬ እናስጎትት ወይ ብዬ ስጠይቅ ደነገጡ፤ በሚካኤል በሬ አይጠመድም። ስለዚህ እንደገና ሰው ተጠመደ። ማርሹን ነጻ አድርገው እስከ ግቢያቸው ገፉልን። ምሳ አበሉን። ከሰዓት ፍኖተ ሰላም ሄጄ መካኒክ ፈለግኩ። አንዱ ጋራዥ ለበዓሉ ተዘግቷል። ክፍት ያለው የሰይድ ጋራዥ ብቻ ነው፤ ሰይድ እስላም ስለሆነ ሚካኤል አያግደውም። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው በብስክሌቱ መጣ።

ጋሼ ታደለ መኪናዋ ላይ ተደግፎ ጠበቀን። ኮፈኑን አላስከፍትም አለ። የሻጩ መካኒክ ያልሆነ ሰው አንድ ብሎን ከነካ ዋስትናው ይሰረዛል፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ነገ ደውሎ ከአዲስ አበባ መካኒክ ያስልካል። እስከዚያ እንጠብቃለን። ነገ አርብ እንደሆነ፣ እኔ መፈረም እንዳለብኝ ነገርኩት። «እኔ እያለሁ ምን ያስቸኩልሻል?» አለኝ። ሰይድ ክርክራችንን ሰምቶ ሲጨርስ «ጌታው እንደወደዱ» ብሎ ብስክሌቱን አዞረ።

ማታ እነ አያ አንለይ ቤት የዳጉሳ ጠላ ቀረበ። ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ የራሳቸውን አልጋ አንጥፈውልኝ እሳቸው መደብ ላይ ሊተኙ ነው። አይሆንም ብል፣ አልጋው ላይ ቁንጫ ስላለ እንግዳ ብቻውን ካልታገለ እንደማያልቅ ነገሩኝ። ሳቅኩ። እኛ ሰፈር መኪናህ ቢበላሽ በር ላይ አቆምክብኝ ብለው ጎማህን ያስተነፍሱልሃል። እነዚህ ሰዎች እርስዎ እያሉ ጋሼ ታደለን ከፍ ባደረጉት መጠን፣ እሱ ስለ ዋስትናው የበለጠ ማውራት። ስምንት ዓመት። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ። ባለማኅተም።

አያ አንለይ በደንብ አዳመጡና አንድ ነገር ጠየቁ።

«ዋሱ ማነው?»

«ዋስ አይደለም፣ ዋስትና ነው» አለ ጋሼ ታደለ።

«ይሁን፤ ዋስትና ካለ ዋስ አለ። የማን ልጅ ነው? ከየት ነው? ሰው ልከን የምንጠራው ነው?»

ጋሼ ታደለ ሰው ሳይሆን ድርጅት እንደሆነ አስረዳ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳልገባቸው ሳይሆን እንዳልጣማቸው ታወቀኝ። እዚህ አገር ሰው ዋስ ሲሆን ቤቱ ይታወቃል፤ ተበዳዩ ሄዶ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ጋሼ ታደለ ለማሳመን ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝና «አንብቢላቸው» አለ።

ወደ ኩራዙ አስጠግቼ አነበብኩ። የማለቂያው ቀን ያለበት መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደግሜ አየሁት። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው። ጋሼ ታደለ በኛ ቆጥሮት ነበር። የአንድ ዓመት ዋስትና ነው፤ ያለቀው ደግሞ ባለፈው መስከረም ነው። ከሥሩ ቺንጋው የሚቀየርበት ዓመት አለ። እሱም የፈረንጅ ነው፤ እሱም አልፏል።

አፌ አላስቻለኝም። ሌላ ሴት ብትሆን ጠዋት ለብቻው ትነግረው ነበር።

«ጋሼ፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። አልቋል።»

ጋሼ ታደለ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና አየው፤ ላሚኔቱን በጣቱ ጠረገው። እድፍ መስሎት ይሁን እንጃ። ዓመቱ ግን አልተጠረገም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቅጽ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ፊቱን ሳየው ስለተናገርኩት ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ልክ ስለሆንኩ ተናደድኩ።

አያ አንለይ የጋሼ ታደለን ብርጭቆ ሞሉና፣ «አይ ፈረንጅ፤ ዓመቱን እንኳ ጥሎን ነው የሚሮጥ። እርስዎ ምን ያድርጉ» አሉ። እትዬ ይታይሽም ወዲያው ስለ በርበሬው ምርት ወሬ አነሱ። አዲስ አበባ ቢሆን ይኼ ለአንድ ወር የሚበቃ ሳቅ ነበር። እዚያ ቤት ግን አንድም ሰው ፈገግ አላለም። እኔ ብቻ ነበርኩ ለመሳቅ የተዘጋጀሁት።

አርብ

ጋሼ ታደለ ሌሊቱን አስቦ አሁንም ተስፋ አልቆረጠም። ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ገብተን ሻጩ ጋ ደወለ። ሻጩ ስለሚጮኽ አጠገቡ የቆምኩት እኔም እሰማዋለሁ። ዋስትናው አልቋል አለ። ባያልቅም ቺንጋ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አይሸፈንም። ቺንጋ በመበጠሱ የተበላሸ ሞተርም፣ ቺንጋው በጊዜው ስላልተቀየረ አይሸፈንም። ተገፍቶ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሸፈንም። እኔ ስልኩን ተቀብዬ፣ ታዲያ ምንድነው የሚሸፈነው አልኩት። የሆነ ነገር ገልጦ አነበበልኝ። እንደገባኝ የሚሸፈነው የማይበላሸው ነገር ነው።

ጋሼ ታደለ ስልክ ቤቱን አመስግኖ ወጣ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደ ሰይድ ጋራዥ የታጠፈው እሱ ራሱ ነው።

ሰይድ መኪናዋ ጋ ደርሶ ኮፈኑን ሲከፍት፣ «አሠልጣኝ ነሽ አይደል? በይ ፍቺ» ብሎ ቁልፍ ሰጠኝ። እዚህ ላይ አልዋሽም። ዩኒቨርሲቲ ለመላው ክፍል አንድ ሞተር ነበር፤ እሱም ለማሳያ ተቆርጦ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የተቀባ። የቫልቭ አከፋፈት በቀመር አሰላልሃለሁ፤ ብሎን ግን ፈትቼ አላውቅም። ቁልፉን ወደሚጠብቅበት አዞርኩ። ሰይድ ስታገል አየኝ። ሲበቃው «ካጠበቅሽልኝ አይቀር ሌሎቹንም አጥብቂልኝ» አለ። ከዚያ እጁን እጄ ላይ አድርጎ አቅጣጫውን አስያዘኝ። ሽፋኑን ፈታሁ። ቺንጋው ተበጥሶ ጥርሶቹ ተላጭተው ወደቀ። ስነካው እንደ ደረቀ ቋንጣ ይሰባበራል።

ሰይድ ቴስታታውን፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ፣ ሲያነሳ ረፍዶ ነበር። ስድስት ቫልቭ ጎብጧል። ሲበጠስ የጎበጠው ምናልባት አንድ ሁለቱ ነው፤ የቀረውን ያጎበጠው መግፋቱ ይሆናል አለ። ዙሪያውን የቆሙት የትናንት ገፊዎች መሬት መሬት አዩ። ዕቃ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ እሁድ ትነሳለች። ሰይድ እጁን ታጥቦ ወደ ጁምዓ ሊሄድ ተነሳ።

እኔም ተነሳሁ። ጋሼ ታደለ ነገ አብረን እንሄዳለን፣ እኔ ራሴ አስረዳቸዋለሁ፣ እናትሽ ፊት ምዬ ነው የወጣሁ አለ። ከትናንት ማታ ጀምሮ በማንም ፊት ሽማግሌ ሆኖ መናገር የቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ታውቆኛል።

«ጋሼ፣ ነገ ሌላ ሰው ተቀጥሯል። አንተ ከመኪናህ ጋር ቆይ፤ እኔ እሄዳለሁ።»

«ስትደርሺ ለእናትሽ ደውዪላት» አለ። ሻንጣዬን እስከ አስፋልቱ የተሸከመው እሱ ነው።

ሰይድ መንገድ ላይ አንድ በርበሬ የጫነ አይሱዙ አስቆመልኝና ለሾፌሩ አደራ ብሎ ወደ መስጊዱ ሄደ። ጋቢናው ሞልቷል። ሾፌሩ እኔን ከሻንጣዬ ጋር ከኋላ ማዳበሪያዎቹ ላይ አስቀመጠኝ። ማንኩሳ ላይ ሌላ ጭነት አለ ብሎ ቆመ። በርበሬ ይመዝናሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያወርዳሉ፣ ይመልሳሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ አስነጥሳለሁ። ሾፌሩን ስጮህበት «እቴ፣ በርበሬው ነው ያናደደሽ» አለኝና ሻይ ገዛልኝ። ሲነሳ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

ማሠልጠኛው ግቢ የደረስኩት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ዓይኔ ቀልቶ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ እጄ ግራሶ። ጸሐፊዋ ስታየኝ ብድግ ብላ መሐረብ ሰጠችኝ። «አይዞሽ አታልቅሺ» አለችኝ፤ ሰዓቱ ገና ነው፣ ደግሞም ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ግምገማ ላይ ስለሆኑ ማኅተም የያዘው ሰው አልገባም። ከስብሰባው አስጠራችው። በረዥሙ እያዛጋ መጣ፤ ሁለት ሰዎች እዚያ ውስጥ ግለ ሂሳቸውን ሳይጨርሱ መውጣቱ ደስ ያለው ይመስላል። ፈረምኩ። ማኅተሙን አሳረፈ። ሥራ የሚጀመረው ግምገማው ካለቀ በኋላ ነው፣ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ነይ አለኝ። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ እቤት ሆኜ የምጽፈው። መኪናዋም ሰይድ እንዳለው እሁድ ተነስታ ሰኞ ሳሪስ ገብታለች።

ከቢሮው ስወጣ በረንዳው ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጉልበቱ ላይ አንድ ፋይል። ስገባም እዚያው ነበር፣ አላየሁትም። ጸሐፊዋ ወደ እሱ ዞራ «እንግዲህ መጥታለች» አለችው። እሱም ብድግ ብሎ ፋይሉን ላስቲክ ውስጥ ከተተው። እኔን «እንኳን በደህና ገባሽ» አለኝ። ተጠባባቂ ቁጥር አንድ ነበር። ሰኞ ነው የመጣው። አምስት ቀን እዚያ ተቀምጦ በሩን ሲያይ ከርሟል።

ቅዳሜ

ቡሬ አድሬ ወደ ጋሼ ታደለ ለመመለስ ሚኒባስ ስይዝ ባዶ የነበረው ከተጠባባቂው ጎን ያለው ወንበር ብቻ ነው። የደምበጫ ልጅ ነው። በዲፕሎማ ከተመረቀ በኋላ ሦስት ዓመት የወንድሙ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስለ ዋስትናው አልሳቀም። የጠየቀኝ የጎበጡት ቫልቮች ስንት እንደሆኑ ነው፤ ከዚያ ቺንጋውን ስንገጥም ከላይና ከታች ያሉትን የማጋጠሚያ ምልክቶች እንዳንስት፣ የማስነሻ ቁልፉን ከመንካታችን በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር እንድናዞረው ነገረኝ። በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየሳለ ነው ያስረዳኝ። እኔ ከአራት ዓመት ትምህርት የማላስታውሰውን እሱ ማንኩሳ ሳንደርስ ጨረሰልኝ። የማሠልጠኛው አሠልጣኝ እኔ ነኝ።

ረዳቱ ሒሳብ ሲል ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጄን በትሕትና መለሰው።

«የእሷም በእኔ ነው» አለ ለረዳቱ። «ለአገራችን እንግዳ ናት።»

ከረቡዕ ጀምሮ ዝም ብዬ አላውቅም። በጋሼ ታደለ ላይ ጮኼያለሁ፣ በገፊዎቹ ላይ ጮኼያለሁ፣ በሻጩ ላይ፣ በአይሱዙው ሾፌር ላይ። ያን ጊዜ ግን አመሰግናለሁ እንኳን በስንት መከራ ነው የወጣው።

ፍኖተ ሰላም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን እነ አያ አንለይ ቤት ጋ ደረስን። ሻንጣዬን ከጣሪያው አውርዶ አቀበለኝና ተመልሶ ተቀመጠ። በሩ ሊዘጋ ሲል ነው ስሙን እንዳልጠየቅኩት ያወቅኩት።

«ሙሉቀን» አለኝ በመስኮቱ።